ጣቢያውን ከደረጃው ጀምራችሁ አስቡልን፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር
ለደሴ ከተማ አስተዳደር
የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያን ባቡር ሥራ ለያዛችሁ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ጣቢያ መውጫና መውረጃ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እንዴት ከረማችሁ?

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ንድፍ አስተምራለሁ። ቀኑን ሙሉ ከተማሪዎቼ ጋር ቤት፣ ደረጃ፣ ጣሪያ ስንስል እንውላለን። ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ ይህን ግን ሆዴ ውስጥ ይዤው ከርሜያለሁ። ስለ ባቡሩ ስናወራ ሁሌም የምናነሳው ሐዲዱን፣ ዋሻውን፣ ብድሩን ነው። «መቼ ነው የሚጀምረው?» እንላለን። ባቡሩ ሲጀምር ሰው እንዴት እንደሚሳፈር፣ ከየት መጥቶ በየት በኩል ወጥቶ የት እንደሚቆም ግን ማንም ሲጠይቅ አልሰማሁም።

ነገሩ የገባኝ በእናቴ ነው።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ለሕክምና አዲስ አበባ ይዣት ሄድኩ። ወደ 376 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፤ ሌሊት ተነስተን፣ ጣርማ በርን አልፈን፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ጠጥተን ደረስን። ከእህቴ ቤት አደርን። በማግስቱ እናቴ «እስቲ ባቡር የሚሉትን ልየው» አለች። እኔም ደስ አለኝ። ከተማው ዳር መሬት ላይ ካለ ጣቢያ ተሳፈርን። የባቡሩ ወለል ዝቅ ያለ ስለሆነ እናቴ ልክ የቤቷን ደፍ እንደምታልፍ እግሯን አንስታ ገባች። በመስኮት ከተማውን እያየች ተገረመች። «ይኼማ ጥሩ ነገር ነው» አለችኝ።

ከዚያ መሃል ከተማ ወረድን። የወረድንበት ጣቢያ ከመሬት ከፍ ብሎ ድልድይ ላይ የቆመ ነው። ደረጃው አፍ ላይ ስንደርስ እናቴ ቆመች። ወደ ታች አየች። ጉልበት ያመመው ሰው ያውቀዋል፣ ከመውጣት መውረድ ይብሳል። ሰው ከኋላችን ይገፋል፣ ሁሉም ይቸኩላል፣ እኔ በአንድ እጄ እሷን በአንድ እጄ ሻንጣውን ይዣለሁ። አሥር ደረጃ ወርዳ ቁጭ አለች። «ልጄ፣ ሰቅለው ረሱኝ እኮ» አለችኝ። ሁለት ወጣቶች መጥተው «እማማ፣ ይደገፉን» ብለው ግራና ቀኝ ይዘው አወረዷት። አላህ ይስጣቸው። እስከ ታች ድረስ ስንት ጊዜ እንዳረፍን አልቆጠርኩም፣ ደረጃውን ግን ቆጠርኩ፤ ሙያዬ ነውና። ከአርባ በላይ ነው።

እዚያ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን ነው ስለ ኮምቦልቻ ማሰብ የጀመርኩት።

አሁን ትንሽ ወደ ለገሃር ልውሰዳችሁ፤ ጣቢያ ከከተማ ጋር እንዴት እንደሚኖር በአንድ ቦታ ሁለት ዘመን የሚታየው እዚያ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የድሮ ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር አቋርጦ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ዛሬ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ በ1922 ተመረቀ። ስሙ ራሱ የፈረንሳዮቹ ነው፤ «ላ ጋር»፣ ጣቢያው ማለት፤ በእኛ አፍ ለገሃር ሆነ። የዚህ ጣቢያ አሠራር ቀላል ነበር። ባቡሩ መሬት ላይ ይቆም ነበር። መንገደኛው ይወርድ፣ በሕንፃው ውስጥ ያልፍ፣ በፊት በር ይወጣ ነበር። በሩ ላይ ሲቆም ሰፊው መንገድ ቀጥ ብሎ ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ድረስ ፊቱ ተዘርግቶ ይጠብቀው ነበር። ከገጠር የመጣ ሰው መንገድ ሳይጠይቅ ከተማው የት እንደሆነ ያውቅ ነበር። ደረጃ የለ፣ መታጠፊያ የለ።

ከፊት ለፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር፤ እዚያም ያቆሙት በከተማዋ ዋና ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘው እዚያ አካባቢ ነው። አንበሳው ኋላ ወደ ለገሃር ተመለሰ። ይህን የማነሳው ጣቢያ በር የከተማ ፊት መሆኑን ለማሳየት ነው፤ ወራሪው ራሱ የሚነቅለውንም የሚያቆምበትንም ቦታ ሲመርጥ የጣቢያ ደጃፍ መርጧል።

ከዚያ በ2008 ሌላ ባቡር መጣ። መስከረም 9 ቀን የሰሜን–ደቡቡ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ፤ የምሥራቅ–ምዕራቡ ደግሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ። ሁለቱም መስመሮች እያንዳንዳቸው 22 ጣቢያ አላቸው። አምስቱ የጋራ ስለሆኑ በድምሩ 39 ይሆናሉ። የጋራዎቹ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ ናቸው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለችው ይህች 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች መንገድ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ሐዲድ የሚሄዱባት ናት። መሬት ላይ አይደለችም፤ በኮለን (በምሰሶ) ላይ ተሸክመዋት በመንገዱ መሃል ከፍ ብላ ታልፋለች።

ለምን ከፍ አለች ብላችሁ ብትጠይቁ ምክንያቱ ግልጽ ነው። የስታዲየምን መጋጠሚያና የሜክሲኮን አደባባይ አስቡት። ያን ሁሉ መኪና እያስቆሙ በየጥቂት ደቂቃው ባቡር ማሳለፍ አይቻልም። መሬት ውስጥ መቅበር ደግሞ ገንዘቡ አይቀመስም። ስለዚህ ማንሳት ነበረባቸው። ሥራው በጠቅላላ 475 ሚሊዮን ዶላር ነው የፈጀው፤ 85 በመቶው የቻይና ብድር ነው። እኔ ውሳኔውን አልነቅፍም። ከመሬት ያነሱት ቸግሯቸው ነው፤ ለማማር ብለው አይደለም። ይህን ቃሌን ያዙልኝ፣ ወደ ኮምቦልቻ ስንመጣ እመለስበታለሁ።

ዛሬ ለገሃር ላይ የቆመ ሰው ሁለቱንም ያያል። ከኋላ መሬት ላይ ያረፈው የ1922 ሕንፃ አለ፣ ከፊቱ ደግሞ በአየር ላይ የሚያልፈው ድልድይ። አንዱ መንገደኛውን በበር ይቀበለው ነበር፣ ሌላው በደረጃ ይቀበለዋል።

ከፍ ያለ ጣቢያ እንግዲህ ምን ምን እንዳለው በሙያዬ ላስረዳ። ከታች መኪና ያልፋል፤ ትልቅ የጭነት መኪና እንዲያልፍ ከአምስት ሜትር በላይ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የድልድዩ ቢም (ተሸካሚ አግዳሚ) ውፍረት አለ። ሐዲዱ ስለዚህ ከመሬት ሰባት ሜትር ያህል ይርቃል። አንድ ደረጃ 16 ሳንቲ ሜትር ቢነሳ ሰባት ሜትር ለመውጣት 44 ደረጃ ይፈልጋል። እናቴን ያሰቃያት ይህ ስሌት ነው። በመሃል ደግሞ ትኬት የሚሸጥበት መካከለኛ ፎቅ ከተጨመረ ሐዲዱ ሌላ አራትና አምስት ሜትር ይነሳል፣ ደረጃውም በዚያው ልክ ይበዛል።

«በጋሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ተዳፋት እንሠራለን» የሚል ይኖራል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ሒሳቡን እንሥራው። ሰው በራሱ ኃይል የሚወጣው ተዳፋት አንድ ሜትር ለመነሳት አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ሰባት ሜትር ለመውጣት 84 ሜትር ማለት ነው፤ በየመሃሉ ማረፊያ ሳይቆጠር። የኳስ ሜዳን አጋማሽ አልፎ የሚሄድ ርዝመት ነው። ቦታ ካለ ይሠራል፣ መሃል ከተማ ግን ቦታው አይገኝም። ያለው ምርጫ ሊፍት ነው። ሊፍት ደግሞ መብራት ይፈልጋል፣ ቅባት ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ በስልክ ተጠርቶ በአንድ ሰዓት የሚደርስ ጠጋኝ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ያልያዘ ሊፍት የተቆለፈ ቁም ሳጥን ነው።

ከዚያ መሳፈሪያው አለ። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁለት ሐዲድ በመሃል አድርጎ መሳፈሪያውን ግራና ቀኝ ያስቀምጣል። ድልድዩ ቀጥ ብሎ ስለሚያልፍ ለመሐንዲሱ ይቀላል። ለመንገደኛው ግን እያንዳንዱ ጎን የራሱ ደረጃና የራሱ ሊፍት ያስፈልገዋል። አቅጣጫ ተሳስቶ የወጣ ሰው ወርዶ፣ መንገድ ተሻግሮ፣ በሌላው በኩል እንደገና መውጣት አለበት። አዲስ አበባን የማያውቅ የወሎ ሰው ይህን ስህተት እንዴት አይሠራ? ሁለተኛው ዓይነት መሳፈሪያውን በመሃል፣ ሐዲዶቹን በዳርና በዳር ያደርጋል። ለእሱ ሐዲዶቹ ጣቢያው ጋ ሲደርሱ መራራቅ አለባቸው፣ ድልድዩም ይሰፋል፣ ወጪው ይጨምራል። ግን አንድ ደረጃ፣ አንድ ሊፍት ለሁለቱም አቅጣጫ ይበቃል። ተሳስቶ የወጣም ሰው ዞር ብሎ በሌላው በኩል ይሳፈራል፤ አለቀ። እኔን ብትጠይቁኝ ለእኛ አገር ሁለተኛው ይሻላል። አንድ ሊፍት ተንከባክቦ በደህና መያዝ ሁለት ገዝቶ ሁለቱንም ከማበላሸት ይሻላል።

ከፍ ያለ ባቡር የእኛ ሐሳብም አይደለም፣ አዲስም አይደለም። ለንደን ውስጥ በ1836 እ.ኤ.አ. ከስምንት መቶ በላይ በሆኑ የጡብ ቅስቶች ላይ ሐዲድ ዘርግተው ነበር። ኒው ዮርኮች በ1868 እ.ኤ.አ. መንገድ ዳር በብረት ምሰሶ ላይ ሠሩ፤ መጀመሪያ በገመድ እየተሳበ፣ ኋላ በእንፋሎት። እሳትና አመዱ ከታች በሚሄደው ሰው ላይ ይረግፍ ነበር። ቺካጎ በ1892 ተከተለች፣ አሁንም ድረስ ትጠቀምበታለች። በ1893 ደግሞ ሊቨርፑል በኤሌክትሪክ የሚሄደውን የመጀመሪያውን ከፍ ያለ የከተማ ባቡር ከፈተች። ሁሉም ግን አልቆዩም። የሊቨርፑሉ በ1956 ተዘጋ። የጣለው ዝገት ነው፤ ብረቱ ወለል ተበላ፣ መጠገኛው ገንዘብ ጠፋ። ኒው ዮርክም ማንሃተን ውስጥ የቀረችውን የሦስተኛ ጎዳናዋን ከፍ ያለ መስመር በ1955 ዘግታ አፈረሰች፤ ከሥሩ ያለው መንገድ ጨለማና ጫጫታ ሆኖ ሰው ተማርሮ ነበር። ያኔ የተሠራው ሁሉ ሲሠራ ዘመናዊ ተብሎ ነው።

የኛውንም ተመልከቱ። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በ41 ባቡሮች ነው የጀመረው። ኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው በይፋ ተነግሯል። ይህን ለመውቀስ አይደለም የማነሳው። ለሠሪው ደስታ የምረቃው ቀን ነው፤ ለመንገደኛው ግን ወሳኙ አሥረኛው ዓመት ነው። ኮምቦልቻ ስለ አሥረኛው ዓመት ከአሁኑ ታስብ።

አሁን ወደ ቤታችን።

የካቲት 2007 የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድ ሥራ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ከተማችን ምን ያህል ደስ ብሏት እንደነበር አስታውሳለሁ። ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ 1.7 ቢሊዮን ዶላር የተመደበለት፣ የቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ የያዘው ሥራ ነው። አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ጋር ይገናኛል። ኮረብታው ተቆረሰ፣ ዋሻ ተበሳ፣ ልጆቻችን ሥራ አገኙ፣ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ቋንቋ ተማሩ። ከዚያ መዘግየቱ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ኮምቦልቻ ምን እንዳሳለፈች ለእናንተ አልነግራችሁም፣ አብረን ነበርን። ሐዲዱ ግን አለ። መንገደኛ አሳፍሮ በመደበኛነት የሚሄድበትን ቀን እየጠበቅን ነው። እኔ ተስፋ አልቆረጥኩም። ተስፋ ያልቆረጠ ሰው ደግሞ ስለ ደረጃ ይጠይቃል።

የደሴ ወንድሞቻችን አንዳንዴ ቅር ይላቸዋል። «ባቡሩ ለምን እኛ ጋ አይወጣም?» ይላሉ። ምክንያቱ አድልዎ አይደለም፣ በመሃላችን ያለው የሐረጎ ተራራ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ነች፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500። ብረት ጎማ በብረት ላይ ያዳልጣል፤ ለከባድ ባቡር የሚመቸው በመቶ ሜትር ውስጥ ከሁለት ሜትር ያህል በላይ ባይነሳ ነው። በዚያ ልክ 650 ሜትር ለመውጣት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ በተራራው ወገብ መጠምጠም አለበት። በመኪና የምንሄደው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ እንኳ ሐረጎ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ፣ በጉም ጊዜ ሾፌሩ እንዴት እንደሚጨነቅ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ደሴዎች ወደ ባቡሩ የምትመጡት ቁልቁል ወርዳችሁ ነው። ያ ማለት የደሴ ባቡር ጣቢያ ሚኒባሱ የሚቆምበት ቦታ ነው ማለት ነው። የደሴ አስተዳደር ይህን እንደ ራሱ ሥራ እንዲያየው እለምናለሁ። መናኸሪያው ውስጥ ወይም ፒያሳ አካባቢ የባቡር ትኬት የሚቆረጥበት መስኮት ይኑር፣ ባቡሩ ከሚነሳበት ሰዓት ጋር የተስማማ ሚኒባስ ይመደብ። ሰው ሌሊት ሐረጎን ወርዶ፣ ኮምቦልቻ ደርሶ፣ «ባቡሩ አሁን ሄደ» እንዳይባል።

በቅርብ ጊዜ ሰዎች ሻይ ቤት ተቀምጠው ሲያወሩ ሌላ ነገር ሰማሁ። «እኛም እንደ አዲስ አበባ ከላይ የሚሄድ ባቡር ይሠራልን» ይላሉ። ፎቅና ድልድይ ስናይ ደስ ይለናል፤ ይገባኛል፣ እኔም ወጣት ሳለሁ እንደዚያ ነበርኩ። ግን አዲስ አበባ ያነሳችው ቸግሯት ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ነች። ቦታ አለን። መሬት ላይ ሰው ቀጥ ብሎ በበር የሚገባበት ጣቢያ መሥራት የሚቻልበት ከተማ ላይ ሰውን 44 ደረጃ ማስወጣት ለምን? የለገሃሩ የ1922 በር ለእኛ ከአየር ላይ ድልድዩ የተሻለ መምህር ነው። ጣቢያው ፊት ለፊት ቀጥ ያለ መንገድ ይኑር፤ የእግር መንገዱ ሰፊ ይሁን፤ ዛፍ ይተከልበት። የኮምቦልቻ ፀሐይ ቀልድ አይደለም፣ በግንቦት ቀትር ላይ ሻንጣ ይዞ ለሚሄድ ሰው ጥላ እንደ ውሃ ነው።

ከመሬት መነሳት የሚያስፈልግበት ቦታ የለም አላልኩም። አለ። ቦርከና ወንዝ ላይ ማለፍ ያስፈልጋል። ሐዲዱ ሰፈርን ከሰፈር የሚቆርጥበት ቦታም ይኖራል። እዚያ ላይ ምርጫው ሁለት ነው፤ አፈር ደልድሎ በሙሌት ማሳለፍ ወይም በኮለን አንስቶ ማሳለፍ። ሙሌት በጅምሩ ይረክሳል። ግን ግንብ ነው። ከዚህኛው ወገን ያለው ልጅ ከወዲያኛው ወገን ላለው ትምህርት ቤት ኪሎ ሜትር ዞሮ ይሄዳል። ከብት ይዞ የሚመጣ ገበሬ ይቸገራል። ለማሻገር ተብሎ ከሥሩ ጠባብ ቱቦ ይቀበራል። በክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ማታ ሴት ልጅ ብቻዋን ለማለፍ ትፈራዋለች። እንዲህ ያለውን መሻገሪያ ብለን መጥራት የለብንም። ሰው የሚበዛበት ቦታ ላይ በኮለን አንሱት፤ ከሥሩ ክፍት ይሁን፣ መብራት ይግባለት፣ ዝናቡ የሚወርድበት ቦይ ይሠራለት። ያኔ ሊስትሮውም፣ ቆሎ ሻጯም፣ ባጃጁም ከሥሩ ጥላ ያገኛሉ። ሲጀመር ቦታውን ለእነሱ አስባችሁ ከሰጣችኋቸው ኋላ በዱላ ማባረር አይመጣም።

እዚህ ላይ ነው ማን እንደሚሳፈር ቆም ብላችሁ እንድታስቡ የምፈልገው። ከባቲ የምትመጣ ነጋዴ ጀሪካንና ማዳበሪያ ከረጢት ይዛ ነው። በጓን የሚያመጣ ሰው ይኖራል። በ2009 የተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች አሉ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ሺፍት ሲወጡ ጨልሞ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፣ ደሴም ኮምቦልቻም። ነፍሰ ጡር አለች፣ ለወሊድ ወደ ደሴ የምትላክ። በ2014 እግሩን ያጣ ወጣት አለ፤ በየሰፈራችን አሉ፣ ታውቋቸዋላችሁ። እና እናቴ አለች። ጣቢያ የሚሳለው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ሻንጣ በትከሻው አንጠልጥሎ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ለሚወጣው ጎረምሳማ ምንም ብትሠሩለት ይወጣዋል።

ንድፍ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን የማሠራው አንድ ሥራ አለ። ጣቢያ ሳሉ ስላቸው ሁሉም መጀመሪያ ጣሪያውን ይስላል። የሚያምር፣ እንደ ክንፍ የተዘረጋ። ከዚያ «አሁን አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ከባጃጅ ወርዳ ፉርጎው በር ድረስ የምትሄድበትን መንገድ በቀይ እርሳስ አስምሩ» እላቸዋለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። መስመሩ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ቦይ ላይ ይቆማል፣ ደረጃ ላይ ይቆማል። አንዳንዱ ወረቀቱን አጥፎ እንደገና ይጀምራል። ሁለተኛው ሥዕል ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይሻላል። እናንተም ያችን ቀይ መስመር በትልቁ ንድፍ ላይ አስምሯት። ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ጀምሩ። ፉርጎው ወለል ላይ ጨርሱ። መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ ሁሉ ገና ሥራ ያለበት ቦታ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ፉርጎው ወለል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ መሳፈሪያውም ዝቅ ያለ ነው፣ እናቴ በቀላሉ የገባችው ለዚህ ነው። የረጅም መንገድ ባቡር ግን ወለሉ ከፍ ይላል። መሳፈሪያው ከወለሉ ጋር እኩል ካልሆነ መሬት ላይ ባለ ጣቢያም ቢሆን ሰው መሰላል ይወጣል። ይህን ኋላ ማስተካከል ኮንክሪት ማፍረስ ነው። አሁን ግን በሜትር መለካት ብቻ ይበቃል። እባካችሁ፣ አንድ ሰው ልኩ፣ ይለካ።

የተሠራው ተሠርቷል የሚል መልስ እንዳይመጣብኝ እፈራለሁ። የተሠራም ይታረማል። አዲስ አበባ ላይ ለቀላል ባቡሩ ሥራ ሲባል የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ተነስቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ «አይመለስም» ብሎ ሰግቶ ነበር። በ2008 ተመልሶ ቆመ። ሰው ስለጠየቀ፣ የሚመለከታቸውም ስለተጠነቀቁ ነው። ጣቢያ ላይ መወጣጫ መጨመር፣ በር ማስፋት፣ የእግር መንገድ መቀጠል ሐውልት ነቅሎ ከመመለስ አይከብድም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ጣቢያውና ዙሪያው ምን እንደሚመስል የሚያሳየውን ንድፍ በትልቁ አትማችሁ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ግድግዳ ላይ ለጥፉልን። ደሴም ሰኞ ገበያ ላይ አንድ ለጥፉ። በአማርኛ ይጻፍ፤ መግቢያው የት ነው፣ መሳፈሪያው ስንት ሜትር ከፍ ይላል፣ ሚኒባስና ባጃጅ የት ይቆማሉ፣ ሽንት ቤቱ የት ነው የሚለው ይታይ። አጠገቡ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ በገመድ ታስሮ ይቀመጥ። ሰው ያያል፣ ይናገራል፣ የጻፈውን ታነባላችሁ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማሪዎቼ ጋር መጥቼ ንድፉን ማንበብ ለማይችል ሰው በነፃ ላስረዳ ፈቃደኛ ነኝ። እናቴም «እኔም እመጣለሁ» ብላለች። መናኸሪያው መሬት ላይ ስለሆነ አይከብዳትም።

አክባሪያችሁ፣
የኮምቦልቻ ነዋሪና የንድፍ አስተማሪ